የእናትን ድህነት በዘፈን መናገር፦ ውለታ መመለስ ነው ወይስ ገመና ማውጣት?

የቂርቆስ ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

ከታላቅ እህቴ ጋር ከተኳረፍን ሦስት ሳምንት ሆነን። ያኳረፈን ግጥም ነው። እናታችን በመጪው ጥር ሰባ ዓመት ይሞላታል፤ እኔ ሜሪላንድ ሆኜ ለልደቷ ግጥም ጽፌ በክራር ላስቀርጸው ተነሳሁ። ግጥሙ ውስጥ እማዬ በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ጓሮ አረቄ እያወጣች አራት ልጆች እንዳሳደገች፣ ጭሱ ዓይኗን እንዳቃጠለው፣ ማታ ማታ አንዱን መለኪያ በሽልንግ ስትሸጥ እኛ ከመጋረጃው ጀርባ የቤት ሥራችንን እንሠራ እንደነበር አለ። እህቴ አንብባ ስትጨርስ ስልኩ ላይ ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «የአረቄ ሻጯ ልጆች መባላችን አልበቃህም? አሁን ደግሞ በዜማ?» ብላ ዘጋችው።

መልስ አላገኘሁላትም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እናንተ አመጣሁት።

ግጥሙን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአሜሪካዊው ራፐር የቱፓክ ሻኩር «ዲር ማማ» የተባለው ዘፈን ነው። (የውጭውን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በየካቲት 1995 የወጣ ነው። ብዙ ሰው የእናት ማመስገኛ አድርጎ ብቻ ይሰማዋል። ልብ ብሎ ያዳመጠ ግን አንድ ከባድ ነገር ያገኝበታል፦ ልጁ እናቱን የሚያመሰግናት ምንም ሳይደብቅ ነው። ክራክ የሚባለው የሚጨስ ርካሽ ኮኬይን ሱስ እንደያዛት ይናገራል፤ በዚያው ትንፋሽ ንግሥት ብሎ ይጠራታል። በመንግሥት ድጎማ የምትኖር ብቸኛ እናት እንደነበረች፣ ከተራረፈው ነገር የበዓል ማዕድ ትሠራላቸው እንደነበር ይዘረዝራል። እሱም ወጣትነቱን እንዴት እንዳበላሸ፣ ከቤት እንዴት እንደወጣ አይሸሽግም።

እናቱ አፌኒ ሻኩር ተራ ሴት አልነበረችም። ለጥቁሮች መብት ይታገል የነበረው የብላክ ፓንተር ድርጅት አባል ነበረች። በሚያዝያ 1969 ኒው ዮርክ ውስጥ ከጓዶቿ ጋር በሤራ ተከሳ ተያዘች፤ እርጉዝ ሆና ፍርድ ቤት ቆማ ያለ ጠበቃ ራሷን ተከራከረች፤ በግንቦት 1971 አብረዋት ከቀረቡት ሁሉ ጋር በነጻ ተለቀቀች። ቱፓክ የተወለደው ሰኔ 16 ቀን ነው፣ በወሩ ማለት ይቻላል። ያቺ ፍርድ ቤት ያልረታት ሴት ነች ከዓመታት በኋላ በሱስ የወደቀችው። ልጁ ሁለቱንም በአንድ ዘፈን አስቀመጣቸው፤ አንዱን ቆርጦ አልጣለም።

በእኛ ዘፈኖች ግን እናት ዘጠኝ ወር ትሸከማለች፣ ጡቷን ታጠባለች፣ ሌሊት ትነቃለች። ይህን የማታደርግ እናት የት አለች? ኪራዩን ከየት አመጣችው? ምን ሸጠች? ማን ደጅ ጠናች? እሱ ሲመጣ ዘፋኙ ዝም ይላል። እኔ የማመሰግናት እናት ማንኛዋም እናት እንድትመስል አልፈልግም። የኔዋ እንድትሆን ነው የምፈልገው። ተሳስቻለሁ?

የደሴዋ፦

ልጄ፣ አንተም አልተሳሳትክም፣ እህትህም አልተሳሳተችም። ግን እኔ ከእህትህ ጋር ነኝ።

የአሜሪካው ልጅ እናት የራሷን ታሪክ በአደባባይ ስትናገር የኖረች ሴት ነች። ያንተ እናት ግን አረቄውን ስትሸጥ መጋረጃ የሰቀለችው ለምን ይመስልሃል? እናንተ ሰካራሙን እንዳታዩ ብቻ አይደለም፤ ሰካራሙም እናንተን እንዳያይ ነው። ያን መጋረጃ የሰቀለች እጅ አሁን ልጇ ገልጦ ሲያሳየው ደስ ይላታል ብለህ ደመደምክ። እኔም ልጆቼን ያሳደግሁበት ነገር አለ፤ አንዱ ልጄ ተነስቶ ቢዘፍነው በፍቅር እንደሆነ ባውቅም አንገቴን እደፋለሁ። የድህነት ገመና የባለቤቱ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፦ እሷን ጠይቀሃታል?

ሰሚ ጆሮ፦

እትዬ የደሴዋ ያነሡት ጥያቄ ከባድ ነው፤ ለእሱ መልስ የለኝም። ስለ ዘፈኑ ግን የምለው አለ፤ ምክንያቱም «ገመና» የሚለው ቃል አንድ ነገር እንዳይሸፍንብን እፈራለሁ።

ቱፓክ «ዲር ማማ»ን ከማውጣቱ አራት ዓመት በፊት፣ በ1991፣ በመጀመሪያ አልበሙ ላይ ስለ ብሬንዳ ዘፍኗል። ብሩክሊን ውስጥ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወልዳ ሕፃኑን ቆሻሻ ውስጥ እንደጣለች ጋዜጣ ላይ አንብቦ ነው የጻፈው። አንድ ረጅም ትረካ ነው። ብሬንዳ ያስረገዛት ዘመዷ ነው፤ አባቷ ሱሰኛ ነው፤ ቤተሰቡ ግድ የለውም። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ትወልዳለች። ሕፃኑን ትጥለዋለች፣ ሲያለቅስ ሰምታ ታነሣዋለች። ሥራ የላት፣ ትምህርት የላት፤ አደንዛዥ ዕፅ ልትሸጥ ትሞክራለች፣ ትዘረፋለች፤ በመጨረሻ ገላዋን ስትሸጥ ትገደላለች። ዘፈኑ ከመጀመሪያውኑ የሚነግረን የብሬንዳ ችግር የብሬንዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሰፈሩ ሁሉ እንደሆነ ነው። በ1993 ደግሞ ድጎማ እየተቀበሉ ልጅ የሚያሳድጉ ሴቶችን አንገታችሁን ቀና አድርጉ የሚል ዘፈን አወጣ። መታሰቢያነቱ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ1991 በአንድ ጠርሙስ የብርቱካን ጭማቂ ሰበብ በባለሱቅ ለተገደለችው የ15 ዓመቷ ላታሻ ሃርሊንስ ነው። በገዳይዋ ላይ የተፈረደው የአሥር ዓመት እስራት ታግዶላት በገደብ ተለቀቀች።

አሁን «ንግሥት» ወደሚለው ቃል ልመለስ። በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆኑት ሮናልድ ሬገን በ1976 የምርጫ ዘመቻቸው ድጎማ ስለምታጭበረብር አንዲት የቺካጎ ሴት ደጋግመው ያወሩ ነበር። «የድጎማ ንግሥት» የሚለው ስድብ በዚያ ዘመን ተስፋፋ፤ ከዚያ በኋላ ድሃ ጥቁር እናት ሁሉ በእሱ ዓይን ትታይ ጀመር። ቱፓክ ድጎማ ትቀበል የነበረችውን እናቱን ንግሥት ሲላት ያንኑ ቃል ከሰዳቢዎቹ እጅ ነጥቆ ዘውዱን መለሰላት ማለት ነው። እኔ እንዲህ ነው የምሰማው።

ሱሱም ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ቅጣቱም እንዲሁ። በ1986 የወጣው ሕግ ለሽያጭ አምስት ግራም ክራክ የያዘና አምስት መቶ ግራም የዱቄት ኮኬይን የያዘ በእኩል ዝቅተኛው የአምስት ዓመት እስራት እንዲቀጡ ይል ነበር። ክራኩ ድሃ ሰፈር ውስጥ ነው የነበረው። ከ1935 ጀምሮ ለድሃ እናቶች ይሰጥ የነበረው የገንዘብ ድጋፍ ደግሞ በነሐሴ 1996 ፕሬዚዳንት ክሊንተን በፈረሙት ሕግ ተሻረ፤ በምትኩ የመጣው ከአምስት ዓመት በላይ እንዳይሰጥ ተገደበ። ቱፓክ ሕጉ ከተፈረመ ሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሞተ።

የቂርቆስ ልጅ፣ እናትህ አረቄ የሸጠችው ምንም ስላላፈረች አይደለም፤ ሌላ በር ስለተዘጋ ነው። በሩን የዘጋው ሳያፍር እሷ ለምን ታፍራለች?

ዝም አልልም፦

ዘፈኑን እወደዋለሁ። ስሰማው አለቅሳለሁ፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ግን ማንም ያላነሣውን ላንሣ። «ዲር ማማ» ሲወጣ ቱፓክ የት ነበር? እስር ቤት። በታኅሣሥ 1994 አንዲት ሴት ላይ በፈጸመው ወሲባዊ ጥቃት ጥፋተኛ ተብሎ በየካቲት 1995 ተፈረደበት። እሱ እስከ መጨረሻው አላደረግሁም ብሏል፤ ፍርዱ ግን ያ ነው። አልበሙ በሽያጭ አንደኛ ሲሆን እሱ እስረኛ ነበር። ስለ ሴቶች ክብር የዘፈነ ሰው፣ ስለ እናቱ ያስለቀሰን ሰው።

ይህን የምለው ዘፈኑን ጣሉት ለማለት አይደለም። በ2010 የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ከሚጠብቃቸው ቅጂዎች መዝገብ አስገብቶታል፤ እኔ አልጥለውም። የምለው፦ እናትን ከፍ አድርጎ ሌላዋን ሴት ዝቅ ማድረግ እኛም ቤት አለ። እናቱን «እናት ዓለም» የሚል ወንድ የልጆቹን እናት ቀለብ ይከለክላል። የዘፈን ውስጥ እናት አረጀች፣ ልጆቿን አሳደገች፣ ከእንግዲህ ምንም አትጠይቅም። ዛሬ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለችውስ? ጉሊት ላይ ከሽንኩርቷ ጋር ከደንብ አስከባሪ የምትሮጠውስ? ለእሷ ማን ዘፈነ?

ደግሞም ሁሉም ዘፋኞች ልጆች ናቸው። እናቲቱ ራሷ መቼ ነው የምትዘፍነው?

የቂርቆስ ልጅ፦

እህቴ «ዝም አልልም»፣ ስለ ፍርዱ አውቅ ነበር፤ መጥቀስ ነበረብኝ። ዘልዬዋለሁ። እናቱን ሳይደብቅ ተናገረ ብዬ እያመሰገንኩት የእሱን እኔ ደበቅሁለት። ተቀብያለሁ።

እትዬ የደሴዋ፣ አልጠየቅኋትም። ድንገተኛ ስጦታ እንዲሆን ፈልጌ ነበር።

ቀለም ቀንድ፦

«እናቲቱ ራሷ መቼ ነው የምትዘፍነው?» ለሚለው፦ ትዘፍን ነበር። እኛ ነን መስማት ያቆምነው።

ወፍጮ ቤት በየመንደሩ ከመግባቱ በፊት ሴት ሌሊት ተነስታ እህሉን በድንጋይ ትፈጭ ነበር። ፍጨታው ሰዓታት ይፈጃል፤ እጅ ሲመላለስ ዜማ ይመጣል። ያ እንጉርጉሮ የምስጋና አልነበረም። ስለ አማት ክፋት፣ ስለ ባል ዱላ፣ በዕዳ ስለሄደው እህል፣ ስለ ጎተራው ባዶነት፣ ሳትወድ ስለተዳረችበት ቤት ነበር። በቀን አፏን የምትይዝ ሴት ሌሊት በወፍጮው ድምፅ ተሸፍና ትናገር ነበር። የሚሰሟት ልጆቿ ናቸው፣ ከወፍጮው አጠገብ የተኙት። እትዬ የደሴዋ ስለ መጋረጃው ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ያው ገመና ሸሻጊ ባህል ለሴቲቱ የመናገሪያ ሰዓትም ሰጥቷት ነበር። ሞተሩ ሲመጣ ትከሻዋ አረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የዜማው ቦታ ግን አብሮ ጠፋ። ከዚያ የሸክላ ሙዚቃ መጣ፣ ካሴት መጣ። ማይክሮፎኑን ወንድ ልጅ ያዘና ስለ እናቱ ይዘፍን ጀመር። በአንደኛ መደብ ትናገር የነበረችው ሴት «አንቺ» ተባለች።

ሌላም አለ። ሁላችን «እሹሩሩ» እየተባልን ነው ያደግነው። እስኪ ቃሉን አስታውሱት። የሕፃኑን እናት ቶሎ ነይ ብሎ ይጠራታል፣ ወተቱን በጡቷ፣ ዳቦውን በእጇ ይዛ እንድትመጣ። ታዲያ ዘፋኙ ማን ነው? እናት አይደለችም! እናት የለችም። ወደ ሥራ ሄዳለች፣ ወይ ገበያ፣ ወይ ማገዶ ለቀማ። ሕፃኑን የያዘችው አያት ናት፣ ወይ የስምንት ዓመት እህት። ሕፃኑ ርቦታል፤ የሚያበላው የሄደችው ብቻ ናት። ይህን ዘፈን ለልጆቼ ስንት ሺህ ጊዜ እንደዘፈንኩት አላውቅም፤ የድሃ ቤት ዘፈን መሆኑን ያስተዋልኩት ግን ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው።

ስለዚህ የእናትን ድህነት መዝፈን ከአሜሪካ መማር አያስፈልገንም፤ አፋችንን የፈታነው በእሱ ነው።

ታዛቢ፦

ለቦብ ማርሌ የሚሆን ቦታ ካለ፦ «ኖ ውማን ኖ ክራይ»ን ብዙ ወዳጆቼ «ሴት ከሌለ ለቅሶ የለም» ብለው ይተረጉሙታል። በጃማይካ አነጋገር ግን «አይ፣ አንቺ ሴት፣ አታልቅሺ» ማለት ነው። ትሬንችታውን በሚባለው የጃማይካ ድሃ ሰፈር ውስጥ በመንግሥት ቤቶች ግቢ እሳት አንድደው ገንፎ ሲካፈሉ የነበሩበትን ሌሊት ነው የሚያስታውሳት። ልብ የሚነካኝ ሌላ ነገር ነው፤ በ1974 ዘፈኑ ሲወጣ በደራሲነት የተመዘገበው ቪንሰንት ፎርድ ነው፣ በዚያው ሰፈር ለተራቡ ምግብ የሚያበስል፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ወዳጁ። ግጥሙን ማን እንደጻፈው ሰዎች ይከራከራሉ። ስሙ ግን እዚያ አለ።

የቤይሩቷ ልጅ፦

እዚህ ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ፤ ጽፌ አላውቅም። «እሹሩሩ»ን ሳነብ ግን አልቻልኩም።

እናቴ ቤይሩት ስትሄድ አራት ዓመቴ ነበር። በሰው ቤት ተቀጥራ ነው የሄደችው። ፓስፖርቷን አሠሪዋ ያዘችባት፤ ለሁለት ዓመት የሄደች ሴት ሳትመለስ ዘጠኝ ዓመት ሞላት። ታናሽ ወንድሜን ጡት አስጥላ ነው የሄደችው። አያቴ ጀርባዋ ላይ አዝላው ያንኑ ዘፈን ትዘፍንለት ነበር፤ የማሙሽ እናት ቶሎ ነይ። እኔ ቃሉን እንደ ጸሎት ነበር የምሰማው። በየማታው ከተዘፈነ ትመጣለች ብዬ አምን ነበር። አንድ ማታ አያቴ ደክሟት ሳትዘፍን ስትቀር ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ፣ ወንድሜ ተኝቶ ነበር።

በየሦስት ወሩ ገንዘብ ይመጣ ነበር። ቤታችን ቆርቆሮ ለበሰ፣ እኔ ትምህርት ቤት ገባሁ። ሰፈሩ «እናታችሁ ጀግና ናት» ይለን ነበር። እኔ ግን ጀግና አልፈልግም ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንዲት ጓደኛዬ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የትሬሲ ቻፕማንን «ፋስት ካር» አሰማችኝ፤ በ1988 የወጣ ነው። እናቷ የሄደችባት ልጅ ታሪክ ነው። አባቷ ጠጪ ነው፤ እናቲቱ ከሕይወት እሱ ሊሰጣት የማይችለውን ፈልጋ ሄደች። ልጅቷ ትምህርቷን አቋርጣ አባቷን ታስታምማለች፣ በኋላ ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆና ትቀጠራለች፣ ራሷም እናት ትሆናለች፣ አብሯት የሚኖረው ሰውም በተራው ጠጪ ይሆናል። የገረመኝ የሄደችውን እናት አለመርገሟ ነው። አላመሰገነቻትም፣ አልረገመቻትም። ለምን እንደሄደች በአንድ መስመር ተናግራ አለፈች። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ያንን አንድ መስመር ነበር የፈለግሁት። በእኛ ዘፈን የሄደች እናት ወይ ሰማዕት ናት ወይ ጨካኝ። የእኔዋ ግን ደሞዝ የሚከፈልባት ሴት ነበረች፤ ናፍቆቷ ከደሞዟ ጋር በአንድ ፖስታ የሚመጣ።

አሁን አብረን ነን። ብዙ አናወራም። የቂርቆስ ልጅ፣ ግጥምህን ሳነብ የቀናሁት በመጋረጃው ነው። እናንተ ከመጋረጃው ጀርባ ስታጠኑ እሷ ከፊቱ ነበረች። ድምጿ ይሰማችሁ ነበር።

የደሴዋ፦

ልጄ፣ የቤይሩቷ ልጅ፣ ይህን ያነበብኩት ሁለት ጊዜ ነው። ጀግና አልፈልግም ነበር ያልሽውን ለእናትሽ አንድ ቀን ንገሪያት። እኔ እናት ነኝ፤ ብትነግሪያት አትጎጂያትም። ከላይ ገመና የባለቤቱ ነው ብዬ ነበር። አሁንም ነው የምለው፤ ግን ልጅም የዚያው ገመና ባለቤት መሆኑን ረስቼ ነበር።

የቂርቆስ ልጅ፦

ትናንት ለእማዬ ደወልኩላት። እህቴም እዚያው ነበረች፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረጉት። ግጥሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት።

ዝም ብላ ሰማች። ስጨርስ የመጀመሪያ ቃሏ «ሽልንግ አይደለም፣ ስሙኒ ነው» የሚል ነበር። ቤት እንዲመታልኝ ብዬ ነበር ሽልንግ ያልኩት። «በሽልንግ ብሸጥማ ኖሮ ለኪራዩ አልጨነቅም ነበር» አለች። ቀጥላ ድፍድፉ ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ መቃው በሊጥ ካልተመረገ እንፋሎቱ ሁሉ እንደሚያመልጥ ታርመኝ ጀመር። እህቴ ከጎን ሆና «እማዬ፣ አረቄው በአደባባይ ሲነገር አያሳፍርሽም?» ብላ ጠየቀቻት።

እማዬ አረቄው እንደማያሳፍራት ተናገረች። የሚያሳፍራት ሌላ ነገር እንደሆነ፣ በዚያ ዘመን ያደረገችው አንድ ነገር እንዳለ ነገረችን። ለሁለታችንም ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተናገረችው። እህቴ አለቀሰች። እሱ ግጥሙ ውስጥ አይገባም፤ እዚህም አልጽፈውም።

ከዚያ «ጋኗስ?» አለች። የምን ጋን ብላት፣ ሥራውን ስትጀምር ጋን መግዣ ስላልነበራት ጎረቤታችን የራሷን ጋን እንዳዋሰቻት፣ ያቺ ሴት ለስድስት ወር በሰው እንስራ ጠላዋን እየጠመቀች እንደቆየች ነገረችን። እኔ ያቺን ሴት የማስታውሳት በር ላይ ተቀምጣ እግሯን ስትታሽ ብቻ ነው። «እሷን አስገባት፤ ከኔ በፊት አድርገህ አስገባት» አለችኝ።

ሴትየዋ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። እህቴ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ልጇ የት እንደምትኖር በድሮው የእድር ሰዎች በኩል እያፈላለገች ነው፤ ለጥር እንድትመጣልን።

ክራር የሚጫወት ሰው እዚህ ካለ እፈልገዋለሁ። ግጥሙን እንደገና እየጻፍኩት ነው።

ባለ አውታር፦

አለሁ። ስሙኒን ስታስገባ የዚያ መስመር ቤት ይሰበርብሃል፤ አትጨነቅ፣ በዜማው አስተካክልልሃለሁ። ጋኗ ያለችበትን ቤት አስቀድመህ ላክልኝ። በትዝታ ይሁን በአምባሰል?

የደሴዋ፦

በባቲ ይሁን፣ ልጆቼ።